ዞን ኤ ላይ ቢኤፍኢ ከየት ይገኛል? (ቴክሳስ፣ 7 ኤክር)

ባለሰባቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዳላስ በስተምሥራቅ ያለ 7 ኤክር ባዶ መሬት ለሦስት ሊከፈል ነው። ከጀርባው ትንሽ ክሪክ ያልፋል። በፌማ (የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ሲሶው ዞን ኤ ውስጥ ነው፤ ማለትም ጎርፍ ያሰጋዋል፣ ውሃው የሚደርስበት ከፍታ (ቢኤፍኢ) ግን አልተጻፈበትም። ካውንቲው «ቢኤፍኢ ካላመጣችሁ ፐርሚት የለም» ይላል። ለአዲስ ጥናት የተጠየቀው ዋጋ አይቀመስም። ካውንቲው ይህን መጠየቅ ይችላል? የተሠራ ነገር ካለስ የት ይፈለጋል?

ቀያሽ፦
መጠየቅ ይችላል ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። በፌዴራሉ ደንብ 44 ሲኤፍአር 60.3 መሠረት፣ ከ50 ቦታ ወይም ከ5 ኤክር (ከሁለቱ ትንሹ ይያዛል) የሚበልጥ ክፍፍል ከነቢኤፍኢው መቅረብ አለበት። «ሦስት ቦታ ብቻ ነው» ማለት አያዋጣም፤ አንተን የያዘህ ኤክሩ ነው። ያው ደንብ ግን ካውንቲውም ከፌዴራል፣ ከስቴት ወይም ከሌላ ምንጭ የሚገኝ መረጃ ካለ መርምሮ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። እዚህ ላይ ነው የምትከራከረው።

ቴክሳስ መሆንህ በጀህ። «ኢስቲሜትድ ቢኤፍኢ ቪወር» የሚባለውን ገጽ ክፈት፤ «ቤዝ ሌቭል ኢንጂነሪንግ» በሚባለው ጥናት የተሠራውን ውጤት ያሳያል። ቦታውን ስትጫን በየዓመቱ 1 በመቶ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ የሚደርስበትን ከፍታ (ቢኤፍኢ የሚባለው ይኸው ነው) እና ጥልቀት ይሰጥሃል፤ ሪፖርቱንም ማውረድ ይቻላል። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አትጫን። የውሃው ወለል ከክሪኩ ጋር ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ውሃው በሚመጣበት በኩል ያለውን ጫፍ ውሰድ።

የውሃ ሰው፦
ቀያሽ ያለው ልክ ነው፤ ሦስት ነገር ልጨምር።

ክሪኩ በዝርዝር ከተጠና ወንዝ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ በፌማ የጥናት ሪፖርት (ኤፍአይኤስ) ውስጥ የወንዙን ፕሮፋይል (የጎርፉን ከፍታ በወንዙ ርዝመት የሚያሳየውን ግራፍ) መገናኛው ላይ አንብብ። ወንዙ ሲሞላ ውሃውን ወደ ክሪኩ መልሶ ይገፋል፤ ከሁለቱ ከፍታዎች ትልቁ ይያዛል። ከካርታው ይልቅ ፕሮፋይሉን እመን፤ ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ወደ ሙሉ ጫማ የተጠጋጋ ነው።

የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት) የወንዝ መለኪያ «22 ጫማ» ቢልህ ያ ከፍታ አይደለም። የመለኪያው ዜሮ ለምሳሌ 380.5 ከሆነ ውሃው 402.5 ላይ ነው። ደግሞ በአንድ ወቅት የደረሰ ጎርፍ ግድግዳ ላይ የተወው ምልክት የ1 በመቶው ጎርፍ ነው ማለት አይደለም።

አሮጌ የድልድይ ወይም የግድብ ሰነድ ከተገኘ ዳተሙን (ከፍታው የሚቆጠርበትን መነሻ) እይ። በ1929ኙ ዳተም የተጻፈ ቁጥር በ1988ቱ ከተለካ ወለል ጋር ሳይቀየር አይነጻጸርም፤ በምዕራቡ ተራራማ አገር ልዩነቱ ከ3 ጫማ ያልፋል። የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) መቀየሪያ በነጻ ይሠራል።

ባለሰባቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቪወሩ ላይ አገኘሁት። ከመሬቱ ወረድ ብሎ፣ ውሃው በሚሄድበት በኩል፣ ግን የካውንቲ መንገድ ክሪኩን ያቋርጣል፤ ውሃው በሁለት ቱቦ ነው የሚያልፈው። ለውጥ ያመጣል?

የውሃ ሰው፦
በደንብ ያመጣል። በእንዲህ ያለው ጥናት ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ አልተለኩም። የመንገዱ አፈር ሞዴሉ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ውሃው እንደልቡ ያልፋል፤ ያገኘኸው ቁጥር ዝቅ ያለ ይሆናል። ሳይቆረጥ ከቀረ ደግሞ መንገዱ ግድብ ሆኖ ቁጥሩን ያንረዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጥናቱ የተሠራበትን የሄክ-ራስ (የውሃ ፍሰት ማስያ ፕሮግራም) ሞዴል ከዚያው ገጽ አውርደህ ለኢንጂነሩ ስጠው። ቀያሹ የቱቦዎቹን ስፋት፣ የሁለቱን ጫፍ የውስጥ ወለል ከፍታና የመንገዱን ዝቅተኛ ነጥብ ይለካ። ያለቀ ሞዴል ላይ ቱቦ መጨመር ከዜሮ ከመጀመር በጣም ይረክሳል።

ቀያሽ፦
ቁጥሩ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ካውንቲው ወለሉ ከቢኤፍኢ በላይ ስንት ጫማ እንዲሆን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ጠይቅ። 1 ወይም 2 ጫማ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ ስላቡ ከፈሰሰ በኋላ ብትሰማው መላ የለውም።