ዓሣ ነባሪ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሳንባው ለምን አይቀደድም? (የሲሪንጅ ሙከራም ይፈለጋል)

ታቦር_ግርጌ (ሐዋሳ)
ጤና ይስጥልኝ። ለ11ኛ ክፍል የጋዝ ግፊትን በእንስሳት ምሳሌ ለማስረዳት ነው። ባሕር ውስጥ ከላይ ባለው አየር 1 አትሞስፌር ግፊት ላይ በየ10 ሜትሩ 1 አትሞስፌር ይጨመራል። ኩቪዬር የሚባለው ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ 2,992 ሜትር እንደወረደ ተመዝግቧል፤ ግፊቱ 300 አትሞስፌር ገደማ መሆኑ ነው። እዚያ 30 ሊትር አየር ተጨምቆ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያክላል። ታዲያ ሳንባው እንዴት አይቀደድም? ሲወጣስ ማን መልሶ ይነፋዋል? ላብራቶሪው ባዶ ስለሆነ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ዕቃ የሚሠራ ሙከራ ካለ ጠቁሙኝ።

አሞራ_ገደል
መምህር፣ ሳንባው ግፊቱን አይቋቋምም፤ እጅ ይሰጣል። ምስጢሩ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጨማደድ ነው።

ሥጋ ቤት ለድመት ተብሎ የሚሸጠውን የበግ ሳንባ ያስመጡና ቧንቧውን ተከትለው በመቀስ ይሰንጥቁት። ትልቁ ቧንቧ ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነው ልም አጥንት (ካርቲሌጅ) በጣት ይዳሰሳል። ቅርንጫፉ እየቀጠነ ሲሄድ ግን ይጠፋና ለስላሳ ሥጋ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሳንባ ሲጨመቅ ቀድሞ የሚዘጋው ያ ቀጭኑ ቧንቧ ነው፤ አየሩ ከኋላው፣ በቧንቧዎቹ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይታሰራል። ሳንባውን ውኃ ላይ ጣል ቢያደርጉት የሚንሳፈፈውም ለዚሁ ነው።

በዓሣ ነባሪና በባሕር አንበሳ ግን ልም አጥንቱ እስከ ከረጢቶቹ አፍ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሟሽሹት ከረጢቶቹ ናቸው፤ አየራቸው ወደ ጠንካራው ቧንቧ ይሸሻል። ደረቱም አብሮ ይታጠፋል፤ ብዙዎቹ የጎን አጥንቶች ከፊት ደረት አጥንት ጋር አልተያያዙም። የሰው ደረት ይህን አይችልም። 6 ሊትር አየር ስቦ የጠለቀ ሰው 30 ሜትር ላይ 1.5 ሊትር ይቀረዋል። ከዚያ በታች ደረቱ ብዙም ስለማይጠብብ ክፍተቱን ደም እየመጣ ይሞላዋል፤ ሲብስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይፈነዳሉ።

መልሶ የሚነፋውም ራሱ ቧንቧ ውስጥ የሸሸው አየር ነው። ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይሰፋና ወደ ከረጢቶቹ ይመለሳል። ግድግዳቸው እርስ በርስ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት አለ።

ቁጥር_ወዳድ
እዚህ ላይ ስሌት ልጨምር። ከረጢትና ቧንቧ በድምሩ 10 እጅ አየር ይዘው ከሆነና ከዚያ 1 እጁ የቧንቧው ድርሻ ከሆነ፣ ከረጢቶቹ ባዶ የሚሆኑት በ10 አትሞስፌር፣ ማለትም 90 ሜትር ላይ ነው። እንስሳው ከመጥለቁ በፊት ተንፍሶ 5 እጅ ብቻ ቢያስቀርስ? በ5 አትሞስፌር፣ 40 ሜትር ላይ ያልቃል። በአንታርክቲካ ያለው ዌዴል አቆስጣ (ብዙዎች «ሲል» የሚሉት) ተንፍሶ ነው የሚጠልቀው፤ ከረጢቶቹ የሚዘጉት ከ25 እስከ 50 ሜትር ባለው ውስጥ ነው። አየር ስቦ የሚጠልቀው ዶልፊን ደግሞ 70 ሜትር ገደማ ላይ።

ጉማሬው
ቆይ፣ አየሩን ትቶ ከጠለቀ በምን ይኖራል?

ቁጥር_ወዳድ
በደሙና በጡንቻው። ዌዴል አቆስጣ ከያዘው ኦክስጅን ሳንባው ውስጥ ያለው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በሰው ሩብ ያህል ይሆናል። ጡንቻው ማዮግሎቢን የሚባል ኦክስጅን የሚይዝ ፕሮቲን ስለበዛበት ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው።

ከረጢቱ መዘጋቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ናይትሮጅን ወደ ደም መግባቱን ያቆማል። በጋን አየር እየተነፈሰ የሚጠልቅ ሰው ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ ናይትሮጅን ይጨምራል፤ ቶሎ ሲወጣ ደሙ ውስጥ አረፋ የሚሠራው እሱ ነው። ይህ ማለት ግን ዓሣ ነባሪ ፈጽሞ አይነካውም ማለት አይደለም። በ2002 በካናሪ ደሴቶች ከባሕር ኃይል ልምምድ በኋላ ዳርቻ ላይ ወጥተው የሞቱ ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪዎች አካል ውስጥ የጋዝ አረፋ ተገኝቷል።

@ጉማሬው፣ በነገራችን ላይ ስምህ የዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሐይቃችን ጉማሬ ግን ጥልቀት ስለማይወርድ ይህ ሁሉ አያሻውም።

አሞራ_ገደል
ሙከራው ይኸውና፣ መምህር፤ ጓንቱ ከረጢቶቹን፣ የእስክርቢቶው ቀፎ ጠንካራውን ቧንቧ ይወክላሉ። ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ የሕክምና ጓንት፣ ባዶ የእስክርቢቶ ቀፎ፣ ክርና ሱፐር ግሉ ይበቃል። ከቀፎው ግማሽ ሚሊ ሊትር ውኃ የሚይዝ ቁራጭ ይቁረጡ (በሲሪንጁ ይለኩት)፣ ውኃውን አራግፈው አንድ ጫፉን በሱፐር ግሉ ይድፈኑ። ሌላው ጫፍ ላይ የጓንቱን የጣት ጫፍ፣ 2 ሚሊ ሊትር ያህል አየር እንደያዘ፣ በክር አጥብቀው ይሰሩ። ሲሪንጁ ውስጥ ከትተው ውኃ ይሙሉ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገው ትርፉን አየር ያስወጡ፣ ከዚያ አፉን በአውራ ጣት ደፍነው ይግፉ።

ጓንቱ ይሟሽሽና መግፊያው 2 ሚሊ ሊትር ያህል ሄዶ ቀጥ ይላል። ከ2.5 ካለፈ ያላወጡት አየር አለ ወይም ውኃው አምልጧል። ሳይሟሽሽ 1 ላይ ከቆመ ደግሞ ጉልበት ጎድሏል፤ 10 ኪሎ ያህል ስለሚጠይቅ ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ይጫኑት። በቀፎው ምትክ የጭማቂ ስትሮ ቢያደርጉበት ጓንቱ ካለቀ በኋላ ስትሮውም ይጣበቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳዩአቸው።

ቁጥር_ወዳድ
ያ 10 ኪሎ የሐዋሳ ነው። 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 0.82 አትሞስፌር ገደማ ስለሆነ ያንኑ አየር አንድ አምስተኛ ለማድረስ 3.3 ያህል መጨመር ይበቃል፤ አሰብ ላይ ቢሠራ 4 ይፈልጋል፣ ወደ 13 ኪሎ። ባዶ የ1 ሊትር ሃይላንድ ከድነው ሐይቁ ውስጥ 20 ሜትር ቢያወርዱት 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ባሕር ላይ ቢሆን እዚያው ጥልቀት 333 ነበር።

ታቦር_ግርጌ
እግዜር ይስጥልኝ። ስትሮውን ከቀፎው አስቀድሜ ላሳያቸው ነው፣ የበጉ ሳንባ ከተቆረጠ በኋላ።