ክርክር፦ በረዶ የሆነ ዝኩኒ የገባበት ራታቱይ (የፈረንሳይ የአትክልት ወጥ) «ቤት የተሠራ» ይባላል?

መነሻ፦ ፈረንሳይ ውስጥ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጥሬ ዕቃ እዚያው ምግብ ቤቱ ውስጥ የበሰለ ምግብ በሜኑ ላይ «ፌ ሜዞን»፣ ማለትም ቤት የተሠራ፣ ይባላል። ምልክቱ የቤት ጣሪያ የተከደነበት ድስት ነው። ደንቡ ግን ጥሬው ከፍሪዘር ቢወጣም ግድ የለውም። ይከልከል ወይስ ይቀጥል? (ተከራካሪዎቹ በቅጽል ስም ነው የሚጠሩት።)

ጦስኝ፦ ይከልከል! ራታቱይ የሐምሌና የነሐሴ ምግብ ነው። ዝኩኒ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሥጋውን ይቀዳድደዋል፤ መጥበሻ ላይ ሲቀልጥ ይንጣለላል። መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

የድስት ክዳን፦ ጦስኝ፣ ይሄ እኮ የአሠራር ጥፋት ነው። ሳታቀልጥ ሰፊ ትሪ ላይ ሳይደራረብ በትነህ 220 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ አስገባው፤ ውሃው ይተናል። ፍሪዘር ያልገባውንም ቢሆን ሁሉንም ባንድ ድስት ካጨቅከው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ጦስኝ፦ እሱስ ልክ ነው። ለ4 ሰው 500 ግራም ደበርጃን፣ 500 ግራም ዝኩኒ፣ 2 የፈረንጅ ቃሪያ፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 700 ግራም ቲማቲም። ደበርጃኑ፣ ዝኩኒውና ቃሪያው እየብቻቸው በወይራ ዘይት ይጠበሳሉ፤ ምክንያቱም ዝኩኒ 6 ደቂቃ ሲበቃው ቃሪያ 15 ይፈልጋል። ደበርጃን ዘይት ጠጪ ነው፤ መጥበሻው በደንብ ሳይግል አይግባ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ተጨምሮ ይወፍራል፤ ከዚያ ሁሉም ተቀላቅሎ በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ። በረዶ የሆነው ዝኩኒ ግን ቅርጹን አይጠብቅም፣ ገንፎ ነው የሚሆነው።

አተር፦ ሁሉን በአንድ ዘንቢል አትክተቱ። አተር ከተለቀመ በኋላ ስኳሩ በፍጥነት ወደ ስታርች ይለወጣል። በተለቀመበት ቀን የቀዘቀዘው፣ ገበያ ላይ ሦስት ቀን ከከረመው ይጣፍጣል። ጅምላ ክልከላ ይህንንም ይመታል። «ከፍሪዘር» ተብሎ ሜኑው ላይ ይጻፍ፣ ደንበኛው ይምረጥ።

የድስት ክዳን፦ በዚህ እስማማለሁ። ደንቡስ ቢሆን ሲፈልግ ጥብቅ ይሆን የለ? ድንች ተልጦ ከመጣ አይፈቅድም።

ጦስኝ፦ እኔን የሚገርመኝ በጥር ራታቱይ ማዘዙ ነው። 3 ባሮ ሽንኩርት፣ 400 ግራም ድንች፣ 1 ሊትር ውሃ፣ 25 ደቂቃ፤ ፈጭቶ 30 ግራም ቅቤ ጣል። የወቅቱ ሾርባ ይኸው።

አተር፦ ባሮውን ግን ለሁለት ሰንጥቃችሁ እጠቡ፤ በቅጠሉ መሃል አሸዋ አይጠፋም።