እግሬን ሰብሬ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ዓለምን በሳተላይት ካርታ ለመዞር ከየት ልጀምር?

ቤት ጠባቂዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እግሬ በጀሶ ከታሰረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው፤ ገና አራት ይቀረኛል። ፊልሙም ሰልችቶኛል። ሰሞኑን የማመሸው በስልኬ ጉግል ኧርዝ ላይ ነው። ወድጄዋለሁ፣ ግን ግራ የገቡኝ ነገሮች አሉ።

ዓለምን ግማሽ ሰዓት ሳሽከረክር ቆይቼ ስዘጋው ምንም ያላየሁ ይመስለኛል። የት እንደምሄድ አላውቅም። ትናንት ደግሞ ሂማላያ ላይ ስወርድ ተራሮቹ በሙሉ ጉድጓድ ሆነው ታዩኝ። ወንዙ በተራራ አናት ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው! የተበላሸው ዓይኔ ነው ወይስ ካርታው? ዳታዬንም ሙልጭ አድርጎ ይጨርስብኛል። በቀጥታ አሁን የሚሆነውን የሚያሳይ አፕም አለ ይባላል። እውነት ነው?

ጥላ ቆጣሪ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ዓይንሽም ካርታውም ደህና ናቸው።

አእምሯችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ለምዷል። ከምድር ወገብ ርቆ በሰሜን ባለ አገር ግን ፀሐይ አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ካርታው ሰሜንን ወደ ላይ ስለሚያደርግ ብርሃኑ ከስክሪንሽ ግርጌ ይመጣል፣ ጥላው ወደ ላይ ይወድቃል። አእምሮሽ ይህን ሲያይ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ተራራው ይሰረጉዳል፣ ሸለቆው ያብጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ጣትሽን ስክሪኑ ላይ አሳርፈሽ እንደ ጠርሙስ ክዳን አዙሪው፤ ደቡብ ወደ ላይ ይምጣ። ጉድጓዱ ሁሉ ዓይንሽ እያየ ብድግ ይላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳደርገው ጮኬ ነበር። ካልሆነም ሁለት ጣትሽን አንድ ላይ ወደ ላይ ገፋ አድርጊ፤ ምስሉ ያጋድልና ተራራውን ከጎን ታይዋለሽ።

በረሃ ወዳድ

ቦታ ለማግኘት መጋጠሚያ ቁጥር መጠቀም ልመጂ። መፈለጊያው ላይ ይህን ጻፊ፦ 21.12, -11.40። ሞሪታኒያ ውስጥ ሪቻት የሚባለው ቦታ ላይ ያወርድሻል፤ «የሰሃራ ዓይን» የሚሉት ነው። ወርዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ የተቀመጠበት ድንጋይ። ብዙዎች ተወርዋሪ ኮከብ የወደቀበት ይመስላቸዋል። አይደለም። ከታች ተገፍቶ ያበጠ ዓለት ነው፤ አናቱን ንፋስና ውሃ ሲልጡት ንብርብሩ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ታየ።

የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ (ሰሜን-ደቡብ)፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ (ምሥራቅ-ምዕራብ) ነው። የመቀነስ ምልክት ደቡብ ወይም ምዕራብ ማለት ነው። ያቺን ጭረት ከረሳሻት ኒጀር በረሃ ላይ ትወድቂያለሽ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስተሽ።

እውነተኛ የሰማይ ድንጋይ ጉድጓድ ካማረሽ ደቡብ ግብፅ ያለውን ካሚልን ፈልጊ። ወርዱ 45 ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ጣሊያናዊ ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ ሲያይ ነው ያገኘው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ! ስለዚህ ጊዜሽ ባከነ አትበይ።

ወንዝ ተከታይ

የቁጥሩ ነገር ጥሩ ነው፤ ግን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መዝለል ነው ያሰለቻት። አንድ ነገር ይዘሽ ተከተይ። እኔ የምመክርሽ ወንዝ ነው።

የፔሩን ኡካያሊ ያዢ፣ ፑካልፓ ከምትባለው ከተማ ጀምረሽ። እንደ ተጣለ ገመድ የተጠማዘዘ ነው። ግራና ቀኙን ስታይ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሐይቆች ታገኛለሽ። ወንዙ ድሮ ይሄድባቸው የነበሩ ናቸው፤ መጠምዘዣው ሲጠብብ አንገቱን ቆርጦ በአቋራጭ ያልፋል፣ አሮጌው መንገድ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ጉግል ኧርዝ ውስጥ «ታይምላፕስ» የሚለውን ክፈቺ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የተነሳውን እያከታተለ ያሳይሻል። ወንዙ እንደ እባብ ሲሳብ ታይዋለሽ። እኔ አንድ ማጠፊያ ላይ ሙሉ ምሽት ጨርሻለሁ።

በዚያው መካከለኛው እስያ ያለውን አራል ባሕርንም እይ፣ ልብ የሚሰብር ቢሆንም። በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ ነበር። በ1960ዎቹ የሶቪየት መንግሥት ገባር ወንዞቹን ለጥጥ እርሻ ጠለፋቸው። ታይምላፕሱ ላይ ውሃው ከዓመት ዓመት ሲሸሽ ይታያል። ሰሜን በኩል ያለችው ትንሿ ክፍል ግን አልሞተችም፤ በ2005 ካዛክስታን ውስጥ ግድብ ተሠርቶላት ውሃዋ በከፊል ተመልሷል።

ፈጣኑ

ቀጥታ የሚያሳይ አፕ አለ። እኔ አውርጄዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ሲራመድ ይታያል ይላል። ወርሃዊ ክፍያ አለው እንጂ።

ጥላ ቆጣሪ

@ፈጣኑ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አስመልስ። ሰው ሲራመድ በቀጥታ የሚያሳይ ለሕዝብ የተከፈተ የሳተላይት ካርታ የለም። ጉግል ላይ የምናየው ምስል ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የቆየ ነው፤ ያውም ከብዙ ቀን ፎቶዎች የተሰፋ። አንዳንዴ አንዱ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀጥ ያለ መስመር ካለፈ በኋላ ጎረቤቱ ደረቅ ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስፌቱ ነው።

ለቀጥታ የሚቀርበው የአየር ጠባይ ሳተላይት ነው። የጃፓኑ ሂማዋሪ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ በየ10 ደቂቃው ግማሽ ምድርን ያነሳል። ማዕበል ሲሽከረከር ታያለህ፤ ቤት ግን አታይም።

እህቴ፣ አንቺ በቅርብ ቀን የተነሳ ከፈለግሽ «ኮፐርኒከስ ብራውዘር» የሚባለውን ሞክሪ። ነጻ ነው። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በየ5 ቀኑ ገደማ አንድ ቦታ ላይ ይመለሳል። ቀን መርጠሽ፣ ደመና የሌለበትን ታያለሽ። የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር ስለሆነች ቤት አንድ ሁለት ነጥብ ነው የሚሆነው። ለሐይቅ፣ ለእርሻ፣ ለእሳተ ገሞራ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ዳታ ቆጣቢ

ስለ ዳታው፦ ዳታሽን የሚበላው በረራው ነው። ከጠፈር ተነስተሽ እስክትወርጂ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ይጭናል። ባለሦስት ገጽታ ሕንፃዎችን ከሴቲንግ አጥፊ። ታይምላፕስ ለዋይፋይ ይቆይልሽ፣ እሱ ቪዲዮ ማለት ነው። ኮምፒውተር ካለሽ ጉግል ኧርዝ ፕሮን ጫኚ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ነው። አንዴ ያየሽውን ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም መልሶ ያሳይሻል። ላዩ ላይ ያለችውን የሰዓት ምልክት ስትነኪ ደግሞ የድሮ ምስሎች ይመጣሉ።

በረሃ ወዳድ

አንድ ልጨምር። ሞዛምቢክ ያለውን ማቡ ተራራ እዪ። አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ2005 ካርታ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነገር አይቶ ነው ትልቅ ደን መኖሩን የጠረጠረው። በ2008 ሳይንቲስቶች ሄዱ። «አዲስ ደን ተገኘ» ተብሎ ተወራ፤ የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቀዋል።

ቤት ጠባቂዋ (ጠያቂ)

እናንተ ሰዎች! ካርታውን አዞርኩት። ተራራው ብድግ ሲል እኔም ጮህኩ፤ እህቴ ምን ሆንሽ ብላ ሮጣ መጣች።

አሁን ሴንቲኔሉ ላይ ሆኜ ባሕር ላይ አንድ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ግን ሦስት ሆኗል። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ተከታትለው። ምንድን ነው?

ጥላ ቆጣሪ

አንድ አውሮፕላን ነው። ሳተላይቱ ቀለሞቹን የሚያነሳው በአንድ ቅጽበት አይደለም፤ በሰከንድ ክፋይ እየተከታተሉ ነው። የቆመ ነገር ላይ ቀለሞቹ ይገጥማሉ። አውሮፕላኑ ግን በመሃል ሄዷል። ቀስተ ደመና ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ጥሩ ዓይን አለሽ።

ቤት ጠባቂዋ (ጠያቂ)

ኡካያሊንም ጀምሬያለሁ። ከፑካልፓ ተነስቼ አስራ ዘጠኝ ማጠፊያ ቆጥሬያለሁ። አማዞን የሚሆንበት ቦታ ድረስ ገና ብዙ ይቀረኛል?

ወንዝ ተከታይ

ወደ የት አቅጣጫ ነው የምትሄጂው?

ቤት ጠባቂዋ (ጠያቂ)

ወደ ደቡብ።

ወንዝ ተከታይ

ኡካያሊ የሚፈሰው ወደ ሰሜን ነው። ከማራኞን ወንዝ ጋር ተገናኝቶ አማዞን የሚባለው እዚያ ነው። አንቺ ሽቅብ ነው የምትሄጂው።

ቤት ጠባቂዋ (ጠያቂ)

አራት ሰዓት ሙሉ! ያውም በተሰበረ እግር።