ሳንጋባ ተለያየን፤ የልብስ ስፌት ማሽኑ የእኔ መሆኑን በምን ላስረዳ?

ባለመቀሷ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቅምት 2015 እስከ የካቲት 2017 ከፍቅረኛዬ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይተን አብረን ኖርን። አልተፈራረምንም፣ ሽማግሌም አልተላከም። የኪራይ ውሉ በእሱ ስም ነው። የሚያጨቃጭቀን ዕቃ ባለ አንድ መርፌ ጁኪ የስፌት ማሽን ነው፤ የቤት ሳይሆን የፋብሪካው ዓይነት፣ ጠረጴዛና ሞተር ያለው። መርካቶ በ31,000 ብር ተገዛ። 22,000 ብሩ ከእኔ ባንክ ሂሳብ ለሻጩ ገባ፣ 9,000 ብሩን እሱ በቴሌብር ላከ። ደረሰኝ አልተቆረጠም። ስንለያይ ልብሴን ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት። አሁን ማሽኑን ለገጣፎ ወንድሙ ጋ ወስዶ «የእኔ ነው፣ እንድትሠራበት ሰጠኋት እንጂ» ይላል። በእጄ የባንክ መልእክት፣ ጥቂት ፎቶና የቴሌግራም ጽሑፍ አለ። ፖሊስ ነው የምሄደው ፍርድ ቤት? አብረን መኖራችንስ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል? የማውቀው ሥራ ይሄ ብቻ ስለሆነ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ቸኮለ

እህቴ፣ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ። የሰው ዕቃ ይዞ አልመልስም ማለት እምነት ማጉደል ነው፣ ወንጀል ነው። ወይ ሁለት ጎረምሳ ይዘሽ ሂጂና ጭነሽ ነይ።

የችሎት ሰው

ጎረምሳ ይዞ መሄዱን ፈጽሞ እንዳታደርጊው። አሁን ከሳሽ አንቺ ነሽ፤ የወንድሙን በር የገፋሽ ቀን ተከሳሽ ትሆኛለሽ። ፖሊስ ጋ መሄድ መብትሽ ነው፣ ግን እምነት ማጉደል የሚባለው ዕቃው የሌላ ሰው መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ባለቤትነቱ ራሱ ሲያከራክር መርማሪው «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልስሻል። እንደዚያ ሲልሽ አትቀየሚው፣ ልክ ነው።

ዋናውን ነገር ልንገርሽ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለሀብቱ እንደሆነ ይገምታል። ይህን ግምት የማፍረስ ሸክሙ የሚወድቀው «አይደለም» በሚለው ወገን ላይ ነው። ማሽኑ በእሱ በኩል ስላለ የማስረዳቱ ሥራ ያንቺ ነው፤ እሱ ዝም ቢል እንኳ ታሸንፊያለሽ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው «ሁሌ የምሰፋበት እኔ ነኝ» የሚል ምስክር ደርድሮ ነው። ይህ እንደተጠቀምሽበት ያሳያል፤ «እንድትሠራበት ሰጠኋት» ከሚለው ከእሱ ቃል ጋርም አይጋጭም። አንቺ ማሳየት ያለብሽ እዚያ ለገጣፎ የቆመው ማሽን፣ ያ ሻጭ የሸጠው ማሽን፣ ያንቺ ገንዘብ የከፈለው ማሽን አንድ መሆኑን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ ሌላው አይይዝልሽም።

አብሮ ስለመኖር። አዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው ግንኙነቱ ቢያንስ 3 ዓመት ሲቆይ ነው ይላል። የናንተ 2 ዓመት ከ4 ወር ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የጋራ የሚሆን ነገር የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስረዳል። ይህ ሁለት ነገር ያስጠነቅቅሻል። አንደኛ፣ ክሱ ላይ «ባለቤቴ» ወይም «ባሌ» የሚል ቃል እንዳይገባ፤ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ከልማድ ያስገቡታል፣ ከዚያ ክርክሩ ጋብቻ ነበረ አልነበረም ወደሚል ይዞርብሻል። ሁለተኛ፣ አብራችሁ መኖር የጀመራችሁበትን ቀን በሰነድ ያዢው። ግማሹን ለማግኘት «በ2014 ነው የጀመርነው» ሊል ይችላል። የኪራይ ውሉ ቀን እዚህ ላይ ላንቺ ይሠራል፣ በእሱ ስም ቢሆንም።

አሁን 9,000 ብሩ። እንዳትደብቂው። የቴሌብር መልእክቱን ይዞ ሲመጣ ከ22,000 ብሩ ጋር ታማኝነትሽም ይሄዳል። ራስሽ ቀድመሽ ጻፊው። ያ ገንዘብ ከሦስት አንዱ ነው፦ ስጦታ፣ ብድር ወይም መዋጮ። ብድር ነው ካለ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በአንቀጽ 2472 መሠረት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፤ በምስክር አይሆንም። ብድር ቢሆን ደግሞ ገንዘቡን ይጠይቃል እንጂ ማሽኑን አይወስድም። የሚያሰጋሽ መዋጮ ነው የሚለው ክርክር ነው፤ ያኔ ሁለታችሁም የጋራ ባለሀብት ትሆናላችሁ። የጋራ ባለሀብቶች ድርሻ ሌላ ካልተረጋገጠ እኩል ነው ተብሎ ስለሚገመት ከ31 እጅ 22ቱ ያንቺ መሆኑን የባንክ ሰነዱ ማሳየት አለበት። እኔ ብሆን የምጠይቀውን ዳኝነት በደረጃ አስቀምጠዋለሁ፦ ማሽኑ በዓይነቱ ይመለስልኝ፤ ድርሻ አለው ከተባለ 9,000 ብሩን ከፍዬ ማሽኑን ልውሰድ፤ ማሽኑ ከሌለ የዛሬ ዋጋው ይከፈለኝ። ለዛሬ ዋጋ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጪ፤ ክሱን በ2015 ዋጋ ብታቀርቢ ዳኛው ካልጠየቅሽው በላይ አይሰጥሽም።

ማሽን ጠጋኝ

የሕጉን ተብሏል፤ እኔ ስለ ማሽኑ ልናገር። «ጁኪ ነው፣ ነጭ ነው» ብሎ መክሰስ ከንቱ ነው። ዲዲኤል 8700 የሚባለው ሞዴል ብቻ በየስፌት ቤቱ አለ፣ ሁሉም ይመሳሰላል። የሚለየው ጭንቅላቱ (መርፌው ያለበት የላይኛው ክፍል) ላይ ባለችው የብረት ሳህን የተጻፈው መለያ ቁጥር ነው። ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ለየብቻ ናቸው፤ ሰው ሞዴሉን ጽፎ መለያ ቁጥሩን የጻፈ ይመስለዋል። ሞዴሉ የሺዎች ነው፣ መለያው የአንዱ ብቻ።

ሞተሩ የራሱ ሳህን አለው፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለሽ ነው የምታይው። ይህን የምለው ጭንቅላት፣ ሞተርና ጠረጴዛ በየግላቸው ስለሚሸጡና ስለሚለዋወጡ ነው። ፍርድ አግኝተሽ ልትረከቢ ስትሄጂ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ የሌላ አሮጌ ጭንቅላት ተቀምጦ ይጠብቅሻል። ሁለቱንም ቁጥር ክሱ ላይ ካሰፈርሽ ይህ አይሆንም።

ቁጥሩን አልያዝኩም ካልሽ ፎቶዎችሽን በሙሉ አገላብጪ። ልብስ ለደንበኛ ለማሳየት ስታነሺ ከጀርባ ማሽኑ ገብቶ ይሆናል። ካርቶኑን ከጣልሽውም የዋስትና ወረቀቱ ላይ ሊኖር ይችላል። የጠገነልሽ ሰው ካለ ደግሞ ከጎረቤት የተሻለ ምስክር እሱ ነው፦ ቺንጋ ወይም ኩሺኔታ ቀይሮ ከሆነ የትኛውን፣ መቼ፣ ማን እንደከፈለው ያውቃል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የካውያ ቃጠሎ፣ ለመብራት የተበሳ ቀዳዳ፣ የተላላጠ ቀለም ካለ በትክክል ከየት በኩል እንደሆነ ጻፊ። «ከመርፌው በስተግራ፣ ከጠርዙ አንድ ጣት ገባ ብሎ» ተብሎ የተጻፈ ምልክት ሲገኝ ዳኛ አይጠራጠርም።

ባለመቀሷ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። የባንክ ዝርዝሩ ላይ 22,000 ብሩ የወጣው 14/03/2023 ይላል፤ ተቀባዩ ግን የሱቁ ስም አይደለም፣ የአንድ ግለሰብ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ከተለያየን በኋላ «ማሽንሽን መጥተሽ ካልወሰድሽ እሸጠዋለሁ» ብሎ ጽፎልኛል።

የሰነድ ነገር

ይሄን መልእክት ቀድመሽ ብትጽፊው ኖሮ ግማሹ ክርክር ባላስፈለገ። «ማሽንሽን» ያለው እሱ ራሱ ነው። አሁኑኑ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ያዢው፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስክሪን ሾት ስታነሺ መልእክቷን ብቻ ቆርጠሽ አይሁን። ከላይ የእሱ ስም፣ ቀኑ፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት መልእክቶች አብረው ይታዩ። ፕሮፋሉን ከፍተሽ ስልክ ቁጥሩ የሚታይበትንም አንሺ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ሙሉ ንግግሩን አውጥተሽ አስቀምጪ፤ ሚስጥራዊ ቻት ከሆነ ግን ስለማይወጣ በሌላ ስልክ ቪዲዮ እየቀረጽሽ ከላይ እስከ ታች አሳልፊው። ስልኩን አትሽጪ፣ አታስጠግኚ፣ ችሎት ላይ ክፈቺ ልትባዪ ትችያለሽ። ከአሁን በኋላም አትሰዳደቡ። ያንቺም መልእክት እኮ ይታተማል።

ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀን መረጃም ይጠፋል። ዋናውን ከስልክሽ እንደ ፋይል አውጪው።

የባንኩን በስልክ የመጣ መልእክት ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ቅርንጫፍ ሄደሽ የዚያን ወር ዝርዝር ማኅተም ያለበት አስወጪ። ንግድ ባንክ ከሆነ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር ክሱ ውስጥ አስገቢው። ተቀባዩ ግለሰብ መሆኑ መርካቶ የተለመደ ነው፣ ያለ ደረሰኝ ሲሸጡ በሠራተኛ ወይም በዘመድ ሂሳብ ይቀበላሉ። ግን ቀለበቱ እዚህ ጋ ነው የሚላላው፤ ይህ ሰው ከሱቁ ጋር ምን አገናኘው? የሂሳብ ቁጥሩን የላኩልሽ በመልእክት ከሆነ እሱን ፈልጊ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የራሱ የ9,000 ብር ቴሌብር ነው! ያንኑ ቀን ለዚያው ሻጭ ከላከ ግዢው ያ ቀን፣ ዋጋው 31,000 መሆኑን የእሱ ሰነድ ያረጋግጥልሻል። ይዞ ባይመጣ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ አመልክቺ። ሻጩን በጽሑፍ «ሸጫለሁ» በለኝ ብለሽ አትለምኚው። ደረሰኝ ስላልቆረጠ ይፈራል፤ ደብዳቤው ቢገኝም ቀርቦ ከመሰከረ ሰው ያንሳል። በመጥሪያ ነው የሚመጣው።

አሁን ቀኑ። 14/03/2023 ማለት መጋቢት 5 ቀን 2015 ነው። ጸሐፊው «መጋቢት 14» ብሎ ከጻፈው ክስሽና ማስረጃሽ በ9 ቀን ይለያያሉ፣ የእሱ ጠበቃም ሌላ ግዢ ነው ይልሻል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ዝርዝሩ ላይ 10:20 ካለ ምስክርሽ የሚለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ነው። በክሱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስፍሪ።

እግረ መንገዴን ለሌሎችም፦ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ያላችሁ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ አንሱ። ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦም ይነጣል፤ ላሚኔት ካደረጋችሁት ደግሞ በሙቀቱ ይጠቁራል። ብዙ ጊዜ የገዢ ስም ስለማይኖረውም ብቻውን ማን እንደገዛ አይናገርም፤ ከክፍያው ጋር አያይዙት።

የችሎት ሰው

«እሸጠዋለሁ» ካለ ጉዳዩ አስቸኳይ ሆነ። ነገሩን ሳያውቅ በቅን ልቦና ገንዘብ ከፍሎ የተረከበ ሰው በአንቀጽ 1161 ባለሀብት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ላንቺ የሚቀርሽ ገንዘብ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ክሱን ስታስገቢ በዚያው ቀን የዕግድ አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፈሽ አቅርቢ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ክርክር የተነሳበት ንብረት እንዳይሸጥ፣ እንዳይበላሽ ለማገድ ነው የተጻፈው። የቴሌግራሙ መልእክት ለዕግዱም ማስረጃ ነው። ነሐሴና መስከረም መደበኛ ችሎት ዝግ መሆኑን አትርሺ።

እሱ የሚኖረው አሁንም የካ አባዶ ከሆነ ክሱ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ለሰፈሩ የትኛው ምድብ እንደሚቀርብ ሬጅስትራር ጠይቂ። ወንድሙን ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጊ፤ ማሽኑ በእጁ ነውና እሱን ያልነካ ትእዛዝ በሩ ላይ ይቆማል። ለገጣፎ ኦሮሚያ ውስጥ ሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ አፈጻጸሙ እዚያ ላለው ፍርድ ቤት ሊላክ ይችላል፤ የዚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ለትርጉም ተዘጋጂ።

የማስረጃ ዝርዝሩን ከክሱ ጋር ሙሉውን አያይዢ፤ «ኋላ አመጣለሁ» ያልሽው ላይቀበሉሽ ይችላሉ። ምስክር አታብዢ። ሲገዛ አብራሽ የነበረች፣ ማሽኑን ፎቅ ያወጡት ጫኞች፣ ጠጋኙ፤ በቃ። የሰሙትን ሳይሆን ያዩትን የሚናገሩ ይሁኑ። ለዳኝነት ክፍያ አቅም ካጣሽ በደሃ ደንብ ማመልከት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የአባዶ እናት

ልጄ፣ ክሱም ይሁን፣ ግን ከክሱ በፊት የእድር ሰዎች ይዘሽ አንድ ጊዜ ሞክሪ። 9,000 ብሩን ይዘሽ ሂጂ። ብዙ ወንድ የሚነጫነጨው ለዚያች ብር ነው። ከተስማማችሁ በቃል አትለያዩ፦ የማሽኑ ቁጥር፣ የተከፈለው ብር፣ የርክክቡ ቀን ተጽፎ ሁለታችሁም ሦስት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ሽማግሌዎቹ ሳያዩ ብሩን አትስጪ።

ባለመቀሷ

ፎቶ አገኘሁ! የሰርግ ቀሚስ ያነሳሁበት ላይ ሳህኗ ትታያለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ግን በክር ተሸፍነዋል፤ አንዱም 8 ይሁን 6 አይለይም።

ማሽን ጠጋኝ

እንደሚታየው ጻፊው፣ አትገምቺ። የማይነበበውን «በፎቶው ላይ ያልታየ» በይ። ፍርድ ቤቱ ማሽኑ ባለበት ሄዶ የሚያይ ሰው እንዲያዝልሽ ጠይቂና ሳህኗ ከፎቶው ጋር ትመሳከር። ሳህኗ ተነቅላ ከተገኘችም የሁለቱ ብሎኖች ቀዳዳ ይቀራል፤ ያንንም ያስመዝግቡት።