የኤሌክትሪክ መስመር ሴንሰርን በንግድ ትርኢት ላይ እንዴት ብናሳይ ይሻላል?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በ15 ኪሎ ቮልት መስመርና በማከፋፈያ ትራንስፎርመር ላይ የሚገጠሙ፣ የኤሌክትሪክ ጅረትንና የትራንስፎርመሩን የዘይት ሙቀት ለክተው፣ ብልሽት ሲደርስም በስልክ ኔትወርክ መልእክት የሚልኩ ሴንሰሮችን እንሠራለን። ባለፈው ዓመት በአንድ የኢንዱስትሪ ትርኢት ላይ ቦታ ይዘን ለሦስት ቀናት በትልቅ ስክሪን ግራፍ አሳየን፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን «ጥሩ ነው» እያለ አለፈ። አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ብቻ ቆም ብለው «ይህ መብራት እንዳይጠፋ ያደርጋል?» ሲሉ፣ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ቸኩሎ «አዎ» አላቸው። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ዘንድሮ ደግመን ልንሳተፍ ስለሆነ፣ ምን እንደምናሳይና ምን እንደምንናገር ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ 1 (ከደሴ፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና መምህር)

እህቴ፣ ግራፉን ወደ ኋላ አድርጊውና ጎብኚው በእጁ የሚሞክረው ነገር አቅርቢ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማሳየው አንድ ሙከራ አለ። 2,200 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። ሴንሰሩን በሁለቱ ሽቦዎች ላይ በአንድነት ብትዘጊው፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ጅረት ስለሚጣፉ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ አንደኛውን ሽቦ ብቻ ለይተሽ በሴንሰሩ ቀዳዳ ውስጥ 10 ጊዜ ብታሳልፊው 100 አምፔር ያነባል። በዚህ መንገድ በአዳራሹ ተራ ሶኬት ላይ ሆነሽ የእውነተኛ መስመርን ጭነት የሚያህል ንባብ ታሳያለሽ፤ ሽቦውን ስታሳልፊ ግን ማፍያው ከሶኬት የተነቀለ ይሁን።

ዜሮ የሆነችውን ንባብ በችኮላ አትለፊያት። ጎብኚው «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ድምሩ ዜሮ መሆኑ ቀርቶ ትንሽም ብትሆን ንባብ ከታየች፣ ጅረቱ በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየፈሰሰ እንደሆነ ታስረጂዋለሽ። የመሬት ብልሽት የሚታወቀውም በዚሁ መርህ ነው፤ የመስመሩ ሦስት ሽቦዎች (ፌዞች) ጅረት ሲደመር ከዜሮ የራቀ ሲሆን ማለት ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ ብዙ አያስፈልገውም።

ስለ ደህንነት ሳላሳስብ አላልፍም። የምታሳዩት ተራው ሲቲ (የብረት እምብርት ያለው የጅረት መለኪያ ትራንስፎርመር) ከሆነ፣ ጅረት እያለፈበት የሁለተኛው ጥቅል ጫፎች ክፍት እንዳይቀሩ፤ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። የሮጎውስኪ ጥቅል የሚባለው ሌላው የጅረት መለኪያ ይህ አደጋ የለበትም፤ የብረት እምብርት ስለሌለውም በከባድ ጅረት ንባቡ አይዛባም።

መልስ 2 (ከኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ)

እንደ ገዢ ሆኜ ልናገር። ያ ሥራ አስኪያጅ የጠየቁትን እኔም እጠይቅ ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ግን «አያስቀርም፤ ብልሽቱ የት እንዳለ ፈልጎ ለማግኘት የሚጠፋውን ጊዜ ግን ያሳጥራል» የሚለው ነው። ይህን በግልጽ የነገረኝን ሰው አምነዋለሁ።

እኛን ከረጅም መቋረጥ ይልቅ የሚጎዳን ለቅጽበት የሚደርስ የቮልቴጅ መውረድ ነው። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሌላው ሰው ልብ አይለውም፤ በፈተል ክፍል ግን የሞተር መቆጣጠሪያዎቹ ይቆማሉ፣ ክሩ ይበጠሳል፣ እያንዳንዱን ጫፍ መልሶ መቀጠልም ሰዓታት ይወስዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳት ደርሶብን መንስኤው ከውጭ መስመር ይሁን ከራሳችን ትልቅ ሞተር መነሳት ሳናውቀው ቀረን፤ ሰዓቱን የመዘገበ መሣሪያ አልነበረንምና። ሴንሰራችሁ ሰዓቱን፣ የወረደበትን መጠንና የቆየበትን ጊዜ የሚመዘግብ ከሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህንኑ አሳዩ።

ደግሞም ጎብኚው ማን እንደሆነ ለዩ። እስከ ቆጣሪው ያለው ማከፋፈያ መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ እኔ እዚያ ምሰሶ ላይ ምንም ልሰቅል አልችልም፤ ከቆጣሪው ወዲህ ባለው በራሴ ትራንስፎርመር ላይ ግን እችላለሁ። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለው ትራንስፎርመር በ400 ቮልት በኩል ሙሉ ጭነቱ 455 አምፔር ገደማ ነው፤ የእናንተ ሴንሰር እስከ ስንት እንደሚለካ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ላገኘው እፈልጋለሁ።

መልስ 3 (ጡረታ የወጣሁ የመስመር ሠራተኛ)

አብሽሪ ልጄ። እኛ መስመር ሲበላሽ በሌሊት ባትሪ ይዘን ከምሰሶ ምሰሶ እየሄድን፣ መገንጠያውን እየከፈትንና እየዘጋን ነበር የምንፈልገው፤ በክረምት ጭቃና ጉም ሲጨመርበት ይነጋብናል። በጠረጴዛችሁ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው ትንሽ መስመር ሥሩና ጎብኚው ራሱ አንዱን ያበላሸው፤ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ስልኩ ላይ ሲደርሰው ያኔ ይገባዋል። በአዳራሽ ውስጥ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ፣ መልእክቱ ቢዘገይ የሚበራ መብራት በሴንሰሩ ላይ ይኑር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለ ሦስት ቅርንጫፉን ሰሌዳ ዛሬ ጀምረናል፤ ጓደኛዬም ለዚያ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ መልሱን ሊያርም ተስማምቷል። መምህር፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታው ለሴንሰራችን ሳጥን ለውጥ ያመጣል?

መልስ 1 (መምህሩ)

ያመጣል። ለትራንስፎርመር የተለመደው የዓለም አቀፍ ደረጃ የሚነሳው እስከ 1,000 ሜትር ካለው ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝም ሆነ ኤሌክትሪክ እንዳይዘል የመከላከል (የኢንሱሌሽን) አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ በ15 ኪሎ ቮልቱ በኩል ኤሌክትሪክ ባለባቸው ክፍሎችና በሌሎቹ መካከል ያለውን የአየር ርቀት አስፉት፤ የዘይት ሙቀት ማስጠንቀቂያውንም ከትራንስፎርመሩ አምራች ሰሌዳ ጋር አመሳክራችሁ ወስኑ።