ጥያቄ፦ ሳል ይዞት የሚደውልን ሰው በስልክ እንዴት ልለየው? "ቤት ይቆዩ" ስላቸው ይቆጡኛል

ካርድ ክፍል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ ስልክ የማነሳውም እኔው ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ ሳልና ትኩሳት የያዘው ሰው በዝቶብናል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነፍሰ ጡር ተራ ስትጠብቅ ሁለት የሚያስሉ ሰዎች መሀል ተቀምጣ ሐኪማችን አየና ተናደደ። "ከእንግዲህ የሚደውለውን በስልክ ለዪ፤ ቀላሉ ቤቱ ይቆይ፣ ከባዱ ይምጣ" አለኝ። እንዴት እንደምለይ ግን አልነገረኝም።

እኔ ነርስ አይደለሁም። ትናንት አንድ አባት ደውለው "ሳል አለብዎት ወይ?" ስላቸው "ብርድ ነው የመታኝ እንጂ በሽታስ የለብኝም" አሉኝ። ቀጠሮ ሰጠኋቸው፤ ሲመጡ ከበር ጀምሮ ሲያስሉ ነበር። ሌላዋን ደግሞ "ራስዎን ያግልሉ" ብላት "ምን አድርጌ ነው የምገለለው?" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ምን ብዬ ልጠይቅ? ማንን ልጥራ፣ ማንን ይቆይ ልበል? አንድ ክፍል ቤት ከአምስት ቤተሰብ ጋር የሚኖር ሰውስ የት ሄዶ ነው ለብቻው የሚቆየው?

ነርስ ዘአዘዞ

እህቴ፣ በኮሮና ጊዜ በ2012 ስልክ ስናነሳ ከነበርነው አንዷ ነኝ። መጀመሪያ የተማርኩት የጥያቄ ዝርዝር ሳይሆን ቁጥሩን ቶሎ መጻፍ ነው። ኔትወርኩ በመሀል ይቆረጣል፣ ካርድ ያልቃል። ስም እንኳ ሳትጠይቂ ስልኩን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን ጻፊ።

ከዚያ "ምን ሆነው ነው?" በይና ዝም ብለሽ አድምጪ። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ትንፋሽ ሳያጥረው መጨረስ ካቃተው ሌላውን ጥያቄ ሁሉ ተይው። ደረቴን ይጨምቀኛል ያለ፣ ደም የተፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ ሰው መለየት ያቃተው፣ ውሃ እንኳ አልወርድ ያለውም እንደዚያው ነው። እነዚህ ያንቺ ክሊኒክ ቀጠሮ አይደሉም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ናቸው። ስልኩን ሳትዘጊ ሐኪሙን ጥሪው።

ያ ከሌለ ወደ ሳሉ ግቢ። "በሽታ አለብዎት?" አትበዪ። እኛ አገር ሳል ብርድ ነው፣ ትኩሳት ምች ነው፣ ማንም ታመምኩ አይልም። "ጉሮሮዎን ይከረክርዎታል? ሌሊት ያስልዎታል? ላብ ላብ ይልዎታል?" በያቸው። ትኩሳት የለም ካሉ "ማስታገሻ ወስደው ነበር?" ብለሽ ጠይቂ። ጠዋት ፓራሲታሞል የዋጠ ሰው ረፋድ ላይ ትኩሳት የለኝም ቢልሽ ውሸት አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው።

ቀኑን ሲነግሩሽም በቁጥር አይደለም። "ሚካኤል የገባ ዕለት ነው የጀመረኝ" ይሉሻል፤ ጥር 12 ብለሽ ጻፊው። የበዓላት ቀን ያለበት ካላንደር ጠረጴዛሽ ላይ ይኑር።

የኤክስቴንሽኗ

ለሕፃን የነገረችሽ አይበቃም፤ ሕፃን ዓረፍተ ነገር አይናገርም። እኔ ደምቢያ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ልጄ ያስለዋል ብላ እናት ስትደውል ትንፋሹን እንድትቆጥር አድርጊ። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገልጣ ሆዱን እያየች፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። አንቺ በስልክሽ ሰዓት ያዥላት፣ "ጀምሪ"፣ "በቃ" በያት። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ዛሬውኑ ይታይ። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ቁጥሩን አትጠብቂ። 2 ወር ያልሞላው ጨቅላ ትኩሳት ካለው ደግሞ ቆጠራም አያስፈልግ፣ ይምጣ።

እናትየው ራሷ ከታመመች ጡት እንዳታስጥል ንገሪያት። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ጡት ትስጠው። ብዙዎቹ ጡት መከልከል ያለባቸው ይመስላቸዋል።

አክታ መርማሪ

ሁላችሁም ጉንፋን ጉንፋን ትላላችሁ። "ቤት ይቆዩ" ለሁሉም ሳል አይሠራም! ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ለወራት እያሳለ "ብርድ ነው" ሲባል የኖረ ሰው አክታ ስንት ጊዜ መርምሬያለሁ። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነው፣ ሌሊት በላብ ከተነከረ፣ ልብሱ ከሰፋበት፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ካለ ይምጣ እንጂ አይቅር። ቲቢን ቤት አስቀምጦ መጠበቅ ለቤተሰቡ ማከፋፈል ነው። አፉን ሸፍኖ፣ ሰው በሚቀንስበት ሰዓት ይምጣ፤ ውጭ አየር ላይ ይጠብቅ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው፤ ይህን ስትነግሪያቸው ብዙው ሰው ድምፁ ይለወጣል።

ሕክምናው በተለመደው 6 ወር ነው። ግን 6 ወር ሙሉ ያስተላልፋል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ የሚሠራለትና በአግባቡ የሚወስድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ አቅሙ በጣም ይቀንሳል። ይህንንም ንገሪያቸው፤ ምጣድና ብርጭቆ ለይተው ዓመት የሚያኖሩ ቤተሰቦች አሉ።

የቅዳሜ ገበያው

ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዳማከሴ አሽቶ መተኛት ነው። ባይለቀው አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ። ደግሞ እኔ ሱቅ ዘግቼ አምስት ቀን ቤት ብቀመጥ ማን ያበላኛል?

ነርስ ዘአዘዞ

ወንድሜ፣ ዝንጅብሉን ጠጣ፣ ማንም አልከለከለህም። አሞክሲሲሊኑን ግን ተወው። ጉንፋንም ኮሮናም ከቫይረስ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም። የሱቁ ነገር እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከርህም። ለዚህም ነው ቀኑን በልክ መንገር ያለብን። ለተራ ጉንፋን መሰል ሕመም ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ከጠፋ 24 ሰዓት እስኪሞላውና በጠቅላላው እየተሻለው እስኪሄድ ነው፤ ለብዙው ሰው ጥቂት ቀን ነው። ተመርምሮ ኮሮና የተገኘበት ሰው ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ምልክት ካለው ምልክቱ ከጀመረው 10 ቀን፣ ምልክት ከሌለው 5 ቀን ነው። ሳሉ ራሱ ከዚያ በኋላም ሊጎተት ይችላል፤ ሳሉ እስኪቆም ቤት ዋል አንልም። ሱቅ መክፈት ግድ ከሆነ ጭምብል አድርግ፣ በሩን በሰፊው ክፈት፣ እጅ አትጨብጥ። ሙሉ ጥበቃ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ካርድ ክፍል፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር፦ ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፉ፣ ስኳር፣ አስም፣ ልብ ወይም ኩላሊት ያለበት፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ሳሉ ቀላል ቢመስልም "ይቆዩ" ብለሽ አትዝጊው። ለሐኪሙ ንገሪና እሱ ይወስን።

ጋሽ ጃንተከል

ልጄ፣ እኔ የምነግርሽ ስለ ቃሉ ነው። "ማግለል" በኛ ቋንቋ ሰውን ከሰው መለየት፣ መናቅ ነው። "ራስዎን ያግልሉ" ያልሻት ሴትዮ ብትዘጋብሽ አትፍረጂባት፤ ስድብ ነው የሰማችው። "ለጥቂት ቀን ቤትዎ ይረፉ፣ ለቅሶም ለማኅበርም አይውጡ፣ የመጣው ጠያቂም በር ላይ ይጠይቅዎ" በያት። በጎንደር ሰው የታመመን ሳይጠይቅ አይቀርም፤ እንጀራ ይዞ ይመጣል። እሱን ካልነገርሽ ታማሚው አልወጣም እንጂ ሰፈሩ ሁሉ እሱ ዘንድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ለአዛውንት አንቱ እያልሽ ተናገሪ። ሦስተኛ፣ ስልኩ የማን ነው? እኔ በልጅ ልጄ ስልክ ነው የምደውለው፤ ላውድ ያደርገዋል፣ ግቢው ሁሉ ይሰማል። በዚያ መሀል "ቤትዎ ቲቢ ያለበት አለ?" ብትዪኝ እውነቱን አልነግርሽም። "አጠገብዎ ሰው አለ? ብቻዎን ሆነው ልደውልልዎ?" በይ።

ጎንደር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ለስልክ የሚሆን አንድ ገጽ ወረቀት ጠፍቶ ካርድ ክፍል ያለች ልጅ ስትቸገር ማየት ያሳዝናል።

የሁለት ልጆች እናት

የአንድ ክፍሉን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። እኛ ልደታ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው፣ አራት ነን። ባለቤቴ ሲታመም ያደረግነው፦ አልጋውን መስኮቱ ሥር አዛወርን፣ እኛ በሌላው ጥግ መሬት ላይ ተኛን፤ አስፈላጊ ሲሆን ራስጌና ግርጌ ተለዋውጠን። ቀን ቀን በርና መስኮት ክፍት፣ እሱ ፀሐይ ላይ ውጭ ይቀመጣል። ቡናውን ወደ በረንዳ አወጣሁት። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ፣ እኔ ነበርኩ፤ አማቴም አልተጠጋችም። ሲያስል በነጠላው ጫፍ ሳይሆን በክንዱ እጥፋት።

ከሁሉም በላይ ከሰሉን! ሌሊት ብርድ ነው ብለው መስኮት ዘግተው ለታማሚ ከሰል የሚያነዱ አሉ። ከሰሉ የሚያወጣው ጋዝ የማይታይ ገዳይ ነው፤ ስትመክሪያቸው ይህን ሳትዪ አትዝጊ።

ካርድ ክፍል (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት የተጻፈውን ይዤ ነው የገባሁት። ላውድ የተባለው እውነት ነው፤ አንዷን "ብቻዎን ሲሆኑ ልደውል" ብያት ከሰዓት ስደውልላት ሳሉ ከገና በፊት እንደጀመራት ነገረችኝ። ጠዋት "ሦስት ቀን" ነበር ያለችኝ። ለአክታ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ላክናት።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከማክሰኚት አንዲት እናት ደወለች፤ ልጇ ትኩሳት፣ ሳል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ዛሬ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጥቷል። በታክሲ ይዤው ልምጣ ትላለች። ነገ ጠዋት ደውዪ አልኳት፣ ልክ ነኝ?

ነርስ ዘአዘዞ

አይደለሽም፣ አሁኑኑ መልሰሽ ደውይላት። ይህ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ 4 ቀን በኋላ ድረስ ይተላለፋል፤ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም አየሩ ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ታክሲ ውስጥ ያሉት ያልተከተቡ ልጆች ሁሉ ይጋለጣሉ። እዚያው ማክሰኚት በቅርቧ ባለው ጤና ጣቢያ ይታይ፤ ከመሄዷ በፊት ትደውል፣ በዋናው መጠበቂያ እንዳያስገቧት። ቫይታሚን ኤ የሚሰጡትም እዚያ ነው። የኤክስቴንሽኗ የነገረችሽን አደገኛ ምልክት ጠይቂያት፤ አንዱ እንኳ ካለ ግን ተራም ስልክም ሳትጠብቅ ትሂድ። ኩፍኝ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ነውና ሐኪምሽ ለጤና መምሪያው ያሳውቅ። ሌሎች ልጆቿ መከተባቸውንም ጠይቂ።

ካርድ ክፍል (ጠያቂ)

ደወልኩላት። መንገድ ላይ ነበረች፣ መናኸሪያ ሳትደርስ ተመልሳለች። ልጁ ጡት ይጠባል፣ ትንፋሹን ቆጠርን፣ 36 ሆነ፤ ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ጤና ጣቢያው በኋላ በር እንድትገባ ነግሯታል።

ለሐኪሙም ነገርኩት። ወረቀቱን በአማርኛ ጽፈሽ አምጪና ልፈርምበት ብሏል። "ቤት ይቆዩ" ላልኳቸው ሰዎች በሦስተኛው ቀን መልሼ እንድደውልም ተስማምተናል፤ ተሽሎት መልሶ ያገረሸበትን ለመያዝ። የስልክ ካርዱን ማን ይከፍላል በሚለው ላይ ግን ገና እየተነጋገርን ነው።