«ሰው የራሱ ለቅሶ ይበቃዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ብሎክ 9-304፦
ሰላም ጎረቤቶች። ጠዋት የኮሚቴውን መልእክት ሳነብ ቡናዬን ሳልጨርስ ደሜ ፈላ። ላላያችሁት ልድገመው። «ባለፈው ቅዳሜ በጋራ አዳራሻችን፣ ኮሚናል ውስጥ የታየው የውሻው ፊልም ልጆችንም አዋቂዎችንም ስላስለቀሰ፣ ከእንግዲህ የሚያስለቅስ ፊልም በግቢያችን አይታይም። ሰው የራሱ ለቅሶ ይበቃዋል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ማን ተሰብስቦ ማን እጅ አውጥቶ ወሰነ? ፕሮጀክተሩ ከየቤቱ በተዋጣ ብር ነው የተገዛው፣ የከፈልኩበት ደረሰኝ አለኝ። ከቱሉ ዲምቱ ሲኒማ ቤት ለመሄድ ስንት ታክሲ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። እዚሁ ሰፈራችን አንድ ቅዳሜ ብናለቅስ ማን ምን ጎደለበት?

ሰብሳቢው፦
እህቴ፣ አክብሬሽ ነው የምመልስልሽ። ኮሚቴው ውስጥ አምስት ሰዎች ነን፣ አራታችን ተስማምተናል። እሁድ ጠዋት ሦስት እናቶች ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ ብለው በሬን አንኳኩተዋል። ኑሮው እንደምታዩት ነው። የማይጨነቅ ቤት የለም። ቅዳሜ ማታ እንኳ ሰው ትንሽ ይሳቅ ብንል ምን አጠፋን? ኮሜዲ ሞልቷል።

ባለሱቋ፦
ኮሜዲ ካላችሁማ ባለፈው ወር ያሳያችሁን ኮሜዲ ላይ የሳቀ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ለራሴ በአንድ ማታ ያለኝን ሶፍት ሸጬ ጨረስኩ። የሚያስለቅሰው ይቀጥልልኝ።

ብሎክ 9-304፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ከጥያቄዬ ሸሹ። «ይበቃዋል» ያሉት በምን ለክተው ነው? ለቅሶ ኮታ አለው እንዴ? እንደ ዘይትና ስኳር ሸማቾች ሄደን ተሰልፈን ነው የምንቀበለው? «የዚህ ወር ድርሻሽን አልቅሰሻል፣ ተመለሽ» ሊሉኝ ነው?

መምህሩ፦
ስለ ፊልሙ ትንሽ ልበል፣ ያላዩት አሉ። ሀቺ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ሪቻርድ ጊር የሚሠራበት። አሜሪካ አስመሰሉት እንጂ ታሪኩ የጃፓን ነው። ሀቺኮ የሚባል ውሻ ነበር። ጌታው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ቶኪዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ይቀበለዋል። በ1925 ጌታው ሥራ ቦታ እንዳለ ሞተ። ውሻው ይህን ማን ይንገረው? በ1935 እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት ከምናምን እየሄደ ጠበቀ። ሐውልቱን በ1934 ያቆሙለት ራሱ በሕይወት እያለ ነው። እንዲህ ያለውን አይቶ ማልቀስ ምን ነውር አለው?

አራተኛ ፎቅ፦
መምህር ግማሹን ነው የነገርከን። ውሻው ሲሞት ሆዱ ውስጥ የዶሮ ጥብስ የሚሰካበት እንጨት ተገኝቷል። ጣቢያው አጠገብ ጥብስ ሻጮች ነበሩ። እኔም እኮ ጥብስ የሚሰጠኝ ካለ ዘጠኝ ዓመት እጠብቃለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ለጥብስ ነው ያለቀሰው።

መምህሩ፦
እንጨቱ መገኘቱ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ማን አበላው? ጣቢያው ውስጥ ያባርሩት፣ ይመቱት ነበር። ሰው የወደደው በ1932 ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሰባት ዓመት ምን በልቶ ጠበቀ ትላለህ? ደግሞ እንጨቱ አይደለም የገደለው። የተቀመጠ አካሉን በ2011 መርምረው ካንሰር እንደነበረበት አረጋግጠዋል።

አራተኛ ፎቅ፦
ከጥብስ ወደ ካንሰር ገባን። አሁንም ልታስለቅሰኝ ነው እንዴ?

የእድር ጸሐፊ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ቅዳሜ ለጃፓን ውሻ አዳራሽ ሙሉ ሰው አለቀሰ፣ የቆመ ሁሉ ነበር። ሐሙስ ብሎክ 6 ለቅሶ ነበረ። ስንት ሰው መጣ? ወንበር አውርደን፣ ድንኳን ተክለን፣ ግማሹ ወንበር ባዶውን አመሸ። ቅጣት ሲጻፍበት ግን ሁሉም ሥራ ነበረብኝ ይላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ጎረቤት ሞቶ ላልመጣ ሰው የውሻ እንባ ምን ያደርግለታል?

ብሎክ 9-304፦
ይቅርታ፣ እኔ ሐሙስ ነበርኩ፣ ንፍሮውን ያዞርኩት ማን ሆነና ነው? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለቅሶ ቤት የሚያለቅስ ሁሉ ለሟቹ ነው የሚያለቅሰው? ሟቹን በደንብ የማታውቅ ሴት ድንኳን ገብታ እዬዬ ስትል አላያችሁም? የራሷን አስታውሳ ነው። እናቷን፣ ወንድሟን፣ ዓረብ አገር ሄዳ የቀረችባትን ልጅ። አልቃሽም ሙሾ ስታወርድ የሁሉንም ሆድ ነው የምትነካው። ታዲያ ድንኳን ውስጥ የተፈቀደው ኮሚናል ውስጥ ለምን ይከለከላል?

የእድር ጸሐፊ፦
ድንኳን ውስጥ ሟች አለ። ኮሚናል ውስጥ ሪቻርድ ጊር ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ፊልሙን ጨርሶ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል።

ሰብሳቢው፦
እንግዲህ እውነቱን ካነሳችሁት እኔም ላንሳ። ፊልሙ ከታየ ወዲህ ልጆቹ ብሎክ 12 ደረጃ ሥር የሚተኛውን ውሻ ሀቺ ብለው ስም አውጥተውለት እየቀለቡት ነው። እንጀራ፣ ወጥ፣ አጥንት ደረጃው ላይ ፈስሷል። የአንዱን ቤት ሙሉ ክትፎ አውጥተው ሰጥተውታል፣ እናትየዋ ምስክር ናት። ነገ ውሻው አብዶ ልጅ ቢነክስ ማነው የሚጠየቀው? ኮሚቴው!

ባለሱቋ፦
አሃ! ነገሩ ከለቅሶው ሳይሆን ከውሻው ነው በሉኛ። መጀመሪያውኑ «ውሻ አትመግቡ» ብላችሁ አትጽፉም ነበር?

የመንትዮቹ እናት፦
ክትፎው የኔ ነው። ልጆቹን ገረፍኳቸው፣ ከዚያ እኔው መልሼ አዘንኩ። ግን ሰብሳቢያችን፣ ያ ውሻ ሌሊት ጅቡን ከአጥሩ የሚመልስልን እሱ አይደል? ከሜዳው በኩል ሲጮኹ የምትሰሙት እናንተም ናችሁ። ቡቺ ሲባል ዝም ያላችሁት፣ ሀቺ ሲባል ነው እንዴ ያበደው?

ብሎክ 9-304፦
እና «ሰው የራሱ ለቅሶ ይበቃዋል» የሚለው ለውሻ አጥንት የተጻፈ ሰበብ ነበር ማለት ነው። ጉድ ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
ሁላችሁም ዋናውን ረስታችኋል። ያስለቀሰው ፊልሙ አይደለም፣ ተርጓሚው ነው። ማይክ ይዞ ሲተረጉም የነበረውን ልጅ አልሰማችሁትም? ውሻው ጣቢያ ላይ ሲጠብቅ እኮ የሚናገር ሰው የለም። በረዶ ይወርዳል፣ ውሻው ይቀመጣል፣ በቃ። ልጁ ግን ድምፁን አወፍሮ «ጌታዬ ሆይ፣ የት ሄድክብኝ፣ ማንን ልጠጋ» እያለ ከራሱ ጨመረበት። ውሻው በአማርኛ ሙሾ አወረደ!

ተርጓሚው፦
ወንድሜ፣ ዝም ብዬ ማይኩን ይዤ ልቁም? የትርጉም ፊልም ያየ ሰው ይፈርደኛል፣ ዝም ያለ ተርጓሚ ማን ይወዳል? ልጆች «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። ምንም አላለም ብል ያምኑኛል? ውሻው የሚያስበውን ተናገርኩለት። ደግሞ አንተው መጨረሻ ላይ መብራት ሲበራ ፊትህን በሹራብ እጅጌህ ስትጠርግ አይቼሃለሁ።

አራተኛ ፎቅ፦
አለርጂ አለብኝ።

ባለሱቋ፦
ሁለት ሶፍት ነው የገዛኸኝ፣ አንዱ በዱቤ።

ሹፌሩ፦
እኔ ብዙ አልጽፍም፣ መስመር ላይ ነኝ። ይሄ «ይበቃዋል» የሚሉት ነገር ግን ከነከነኝ። አባቴ ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሞቶ፣ መርዶ ደርሶኝ ስሄድ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀብሩ አለፈኝ። ሠልስት ላይ ነው የደረስኩት። በር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ፣ እናትህን አጽና» አለኝ። አጸናሁ። በግ ገዛሁ፣ ሰው ሸኘሁ፣ ዕዳ ከፈልኩ፣ ተመለስኩ። አንዲት ጠብታ አልወጣችኝም። ቅዳሜ ለታ ውሻው አርጅቶ፣ እግሩ እየተጎተተ እዚያች ቦታው ሄዶ ሲተኛ፣ የሆነው ሆነብኝ። ጎኔ የነበሩት ያውቃሉ። እና የራሴ ለቅሶ የት ነበር የሚበቃኝ? ገና አላለቀስኩትም ነበር።

የመንትዮቹ እናት፦
አይዞህ ወንድሜ። ነፍስ ይማር።

መምህሩ፦
ነፍስ ይማር። ያጽናህ።

የእድር ጸሐፊ፦
ነፍስ ይማር። ግን ወንድሜ፣ ለእድሩ አላስመዘገብክም። አስመዝግበህ ቢሆን እኛም መጥተን እናስተዛዝንህ ነበር።

ብሎክ 9-304፦
አሁን ይህ የሚባል ነገር ነው?

የእድር ጸሐፊ፦
ደንቡን ነው የተናገርኩት። ደንብ ክፉ ነገር ሆነ?

አራተኛ ፎቅ፦
የሹፌሩን ነገር አከብራለሁ፣ ግን እሱ ስላለቀሰ ፊልሙ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ሆድ ለባሰው ውሻ ብታሳየውም ድመት ብታሳየውም ያለቅሳል። ማስለቀስ እኮ ቀላል ሥራ ነው። ሙዚቃውን አስረዝም፣ ሽማግሌ ግደል፣ ሕፃን አስጮህ፣ አለቀ። የስነልቦና ተመራማሪዎች ሰውን ማሳዘን ሲፈልጉ የሚያሳዩት አንድ የታወቀ ቁራጭ አለ። ዘ ቻምፕ ከሚባለው የ1979 ፊልም የተቆረጠ ነው፣ ቦክሰኛ አባት ሲሞት ልጁ የሚያለቅስበት። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በሦስት ደቂቃ የሚሆን ነገር ምኑ ጥበብ ነው?

መምህሩ፦
ቀላል ከሆነ ሁሉም ያስለቅስ ነበር። የኛ አገር ፊልም ውስጥ ስንት ሰው ሲሞት በሞቱ ሳቅን? በአገራችን ካልክ ላምብን አሳዩን። የያሬድ ዘለቀ ፊልም ነው፣ በ2015 ካን ፌስቲቫል ይፋ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱ የሞተችበት ልጅ ዘመድ ጋ ይቀመጣል፣ ከእናቱ የቀረችው በግ ብቻ ናት፣ አጎትየው ለበዓል ሊያርዳት ይፈልጋል። እዚያ ማንም ማይክ ይዞ አያለቃቅስም። በጓ ዝም ብላ ታያለች።

ባለሱቋ፦
በግ ከታየማ በቃ፣ ለፋሲካ ማንም አያርድም። ልጆቹ ለበጉም ስም አውጥተውለት አልጋ ላይ ያስተኙታል።

የመንትዮቹ እናት፦
እግዚኦ፣ እንዳታሳዩዋቸው!

ተማሪዋ፦
ክላስ ላይ ያነበብነውን ልጨምር? ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት አለ። ለአንዱ ቡድን አሳዛኝ ፊልም፣ ለሌላው ዶክመንተሪ አሳዩ። ከዚያ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ወንበር ሳይኖር ወንበር ላይ እንዳሉ አስቀመጧቸውና ምን ያህል እንደሚችሉ ለኩ። አሳዛኙን ያዩት በአማካይ ሕመሙን የበለጠ ቻሉ፣ አብረዋቸው ካዩት ሰዎች ጋርም የበለጠ ተቀራረቡ። ስለዚህ ሰብሳቢያችን፣ አብሮ ማልቀስ ለግቢው ጥሩ ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
ወንበር ሳይኖር መቀመጥ ነው ሳይንስ የሆነው? ከቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ በየማታው እንደዚያ አይደል እንዴ የምንመጣው፣ ትርፍ ሆነን፣ ተጎንብሰን፣ የሰው ጉልበት ላይ? ፊልም ሳናይ ሕመም ችለናል።

ሹፌሩ፦
ትርፍ አልጭንም ስል «ይጨምር፣ ይጨምር፣ እንጠጋጋለን» የሚለው ማነው? መሽቶብኛል እያላችሁ በመስኮት የምትገቡት እናንተ። አሁን ደግሞ ተወቃሹ ሹፌር ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
አንተን አላልኩም።

ሹፌሩ፦
ማንን አልክ ታዲያ? በዚህ መስመር ማታ የሚሠራ ስንት ሰው አለ?

ሰብሳቢው፦
እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። በአንድ ቃል ጠዋት የጀመራችሁ ይኸው መሸ። ኮሚቴው ማታውን በስልክ ተነጋግሯል። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ፊልም ይቆማል። ቅዳሜ በፕሮጀክተሩ የእንግሊዝ ኳስ እናሳያለን። ኳስ ማንንም አያስለቅስም።

ባለሱቋ፦
የማን ጨዋታ ነው?

ሰብሳቢው፦
የአርሰናል።

ባለሱቋ፦
ሶፍት አዝዣለሁ።

የእድር ጸሐፊ፦
አርሰናልን እንዳትነኩ!

ብሎክ 9-304፦
ጋሼ፣ አሁንም አልመለሱልኝም። «ይበቃዋል» ሲሉ በምን ለክተው ነው?